የታሪኩ ስድስት ሰዓት

ሰኞ፣ ኅዳር 2፤ ጠዋት 3 ሰ.

ማለዳ ያስነሳሁት ስሌት ግማሽ ሳይደርስ መብራት ጠፋ። የኮምፒዩተሩ ባትሪ ካረጀ ቆይቷል፣ አብሮ ሄደ። እንደገና ከዜሮ። አልተናደድሁም። መናደድም ይሰለቻል፣ ደብተሬ።

የመመረቂያ ጽሑፌ ዲፌንስ ኅዳር 25። 23 ቀን ቀረ። ከሦስቱ ፈታኞች አንዱ አስተያየት ልኳል። ሁለት ገጽ፣ ግማሹ ስለ ነጠላ ሰረዝ። ከነጠላ ሰረዞቹ መካከል አንዲት ጥያቄ አለች፦ ብርሃን ውሃው ውስጥ ምን ያህል እንደሚዘልቅ ከመጽሐፍ ከምትወስጂ፣ በመስክ የተለካ ካለ ለምን አትጠቀሚም? ዶ/ር መኮንን (አማካሪዬ፣ አ.አ.) በስልክ ቀላል ሥራ ነው አሉ። የሁለት ቀን። እሳቸው ሁሉን ነገር የሁለት ቀን ይላሉ።

የተለካ አለ። መሳቢያዬ ውስጥ ነው። መሳቢያውን መክፈት ነው የጠላሁት።

ከሰዓት 8 ሰ.

መብራት መጣ። ጌቱም መጣ፣ ቢሮ የምንጋራው የስታትስቲክስ አስተማሪ። ገና በር ላይ ሆኖ፦ "ክብርት የባሕር ሚኒስትር፣ እንዴት ዋሉ?" ድሮ እስቅ ነበር።

እውነቱን ነው ግን። ባሕር የሌላት አገር ልጅ፣ እሷም ከዲላ፣ የባሕር ሒሳብ። አንድ ቀን የባጃጅ ሾፌር ምን እንደማጠና ጠይቆኝ ብነግረው፣ "ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ፣ ሂጂያ ወደ ባሕሩ!" ብሎኛል። ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ያየሁት ትልቁ ውሃ የሐዋሳ ሐይቅ ነው፣ እሱንም ዓሣ እየበላሁ። ባሕሩን የማውቀው በአራት እኩልታ ነው። ውሃው ውስጥ የሟሟው ምግብ፤ ያን የሚጠቀሙ በዓይን የማይታዩ ዕፅዋት፤ ዕፅዋቱን የሚግጡ ጥቃቅን እንስሳት፤ ሞቶ ወደ ታች የሚዘቅጠው ሁሉ። ዕፅዋቱንም እንስሳቱንም አንድ ላይ ፕላንክተን ይሏቸዋል። እነሱ ሲበላሉ እኔ እቆጥራለሁ። ስድስት ዓመት እንዲህ ሄደ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4፤ ጠዋት 4 ሰ.

መሳቢያውን ከፈትሁ።

የታሪኩ መዝገብ። ሽፋኑን ጨው በልቶታል። ታሪኩ ታናሽ ወንድሜ ነው። ነበር። የመርከብ መካኒክ። መርከባቸው ወደብ ለመግባት ተራ ስትጠብቅ ክፍት ባሕር ላይ መልህቅ ጥላ ሳምንታት ትቆማለች። ሥራ ከምትፈታ ብዬ ዕቃ ሰጠሁት፦ ደቃቅ መረብ፣ ሚሊ ሊትር የተጻፈበት ቱቦ፣ ከዲላ ገበያ የገዛሁት ነጭ የብረት ሰሃን ሦስት ቦታ ተበስቶ፣ በየሜትሩ የተቋጠረ ገመድ። መረቡን በየሦስት ሰዓቱ ጣል፤ የያዘውን ቱቦ ውስጥ ገልብጥና ሲዘቅጥ ስንት እንደሆነ ጻፍ። ሰሃኑን አውርድና ከዓይንህ የሚጠፋበትን ሜትር ጻፍ። ይኸው ነው ያልሁት። አደረገው። አሥራ ዘጠኝ ቀንና ሌሊት፣ ከአንድ ጓደኛው ጋር እየተፈራረቀ።

መዝገቡን በእጁ አምጥቶ ሰጠኝ። ያን ዕለት ብዙ ተሳሳቅን። በሚቀጥለው ፈቃዱ ከሐዋሳ ወዲህ ሲመጣ የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ። ሁለት ዓመት ሞላው።

ለየቀኑ አንድ ገጽ። በየገጹ ስምንት መስመር፦ 12፣ 3፣ 6፣ 9፣ 12፣ 3፣ 6፣ 9። ከሰዓቱ ቀጥሎ ሚሊ ሊትሩ። ከዚያ የሰሃኑ ሜትር፣ እሱ አንዳንዱ መስመር ላይ ብቻ። የሰሃኑን ዓምድ እስከ ዛሬ ወደ ኮምፒዩተር አላስገባሁትም። አላስፈለገኝም ነበር።

ያስፈለገኝ ሚሊ ሊትሩ ነው፤ ቱቦው ላይ ከፍ ካለ እንስሳቱ ወደ ላይ ወጥተዋል ማለት ነው። ሙሉ ምዕራፍ ሆኗል። መጻሕፍቱ ሁሉ አንድ ነገር ይላሉ፦ እነዚያ ጥቃቅን እንስሳት ቀን ዓሣ እንዳይበላቸው ጥልቁ ውስጥ ይደበቃሉ፣ ሲጨልም ወደ ላይ ወጥተው ይግጣሉ፣ ሲነጋ ይወርዳሉ። የታሪኩ እንስሳት ግን መውጣት የሚጀምሩት እኩለ ቀን ላይ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ሳለች። ከጨለማው ስድስት ሰዓት ቀድመው። እኩለ ሌሊት ላይ ደግሞ ሹልክ ብለው ይወርዳሉ። የሰማ ሁሉ ስህተት ነው አለ። እኔ ረሃብ ከፍርሃት ሲበልጥ ነው አልሁ። ቀድመው የሚወርዱትም ጠግበው ነው አልሁ። እኩልታው ላይ አንድ ፊደል ጨመርሁ፣ ታው፤ ከጨለማው ስንት ሰዓት እንደሚቀድሙ የምትናገር። ሞዴሉና መዝገቡ ገጠሙ። ዶ/ር መኮንን በስልክ አዲስ ነገር ነው አሉ። ስሟን "የታሪኩ ቅድሚያ" አልኋት። አንድ መጽሔት ተቀብሏታል፣ ገና አልታተመችም።

እማዬ ወናጎ ላለው ምእመን ሁሉ ነግራለች። በልጄ ስም ሳይንስ ወጣ ብላ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5፤ ጠዋት 3 ሰ.

የሰሃኑን ዓምድ እያስገባሁ ነው። ገጽ 1። የመጀመሪያው 12 ላይ ባዶ። ቀጥሎ 3 ላይ፣ ሰሃኑ 14 ሜትር ወርዶ ጠፋ። 6 ላይ 17 ሜትር። 9 ላይ 15።

ቆይ። መርከብ ላይ ሁሉም ነገር በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ራሱ ነው የነገረኝ። እኔም እንደዚያው አስገባሁት። ፈረንጅ ቀኑን የሚጀምረው እኩለ ሌሊት ላይ፣ በ12 ነው። ገጹም በ12 ይጀምራል። ስለዚህ ቀጥሎ ያለው 3 የእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ነው።

በሌሊት 9 ሰዓት ነጭ ሰሃን 14 ሜትር ድረስ እንዴት ይታያል?

ጨረቃ ይሆናል አልሁ። ገጽ 2። ያው። ገጽ 3፣ 4፣ 5። ያው። አሥራ ዘጠኝ ሌሊት ሙሉ ጨረቃ?

4 ሰ. ተኩል

ሁለተኛው 12 ላይ ባዶ። ሁለተኛው 3 ባዶ። ሁለተኛው 6፣ ሁለተኛው 9፣ ባዶ። በሁሉም ገጽ። በእኔ አገባብ ሁለተኛው 12 ቀትር ነው። በጠራራ ፀሐይ ያልታየው ሰሃን በድቅድቅ ጨለማ ታየው ማለት ነው።

ሰሃኑ ከታየ ቀን ነው። ቀን ከሆነ የገጹ መጀመሪያ እኩለ ሌሊት አይደለም። ንጋት ነው። ንጋት 12። ማንም የዲላ ሕፃን የሚያውቀው 12።

በእኛ ሰዓት ነው የጻፈው።

ከሰዓት 9 ሰ.

ሁሉንም መስመር ስድስት ሰዓት ገፋሁት። ስሌቱን አስነሳሁ። መብራት እንዲጠፋ የለመንሁበት ቀን ቢኖር ዛሬ ነው፤ አልጠፋም።

እንስሳቱ ሲጨልም ወጡ። እኩለ ሌሊት ላይ በዙ። ሲነጋ ወረዱ። እንደ መጽሐፉ፣ እንደ ማንኛውም ባሕር። ታው ዜሮ ሆነች። ከነጥብ በኋላም ዜሮ። ያለ እሷ ሞዴሉ እንዲያውም ይበልጥ ይገጥማል።

የታሪኩ ቅድሚያ ስድስት ሰዓት ነበረች። በፈረንጅና በእኛ ሰዓት መካከል ያለውም ስድስት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህችን ስድስት አፍጥጬ አየኋት፣ አላየኋትም። ተራራ ለሚያህል ስህተት አንድ ሙሉ የረሃብ ፍልስፍና ጻፍሁለት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሏት እኔ ነኝ። ፈታኙ ነጠላ ሰረዙን ብቻ ቢያይልኝ ምን ነበር?

ምሳ አልበላሁም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7፤ ከሰዓት 10 ሰ.

ለማንም ላልናገር ነበር። ጌቱ ፊቴን አይቶ አወጣጣኝ። መጀመሪያ ከት ብሎ ሳቀ። ሲገባው ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ቀልደኛ ሰው ሲያዝን ያስፈራል።

ከዚያ መላ መምታት ጀመረ። ፈታኙ "ካለ" ነው ያለው። የለም በያቸው። ሰሃኑን ጨው በላው በያቸው። "አንቺ ደግሞ! መዝገቡ በአማርኛ ነው፣ ኮፒ የለውም፣ መሳቢያሽ ውስጥ ነው። ማን ያየዋል? እኔ ራሴ አላየሁም።"

አልተቆጣሁትም። እኔም ከሐሙስ ጀምሮ ይህንኑ ሳስብ ነው የከረምሁት። ልዩነታችን እሱ ጮክ ብሎ ማለቱ ነው።

የሚጠፋውን ልጻፈው፣ ሌላ ቦታ አልጽፈውምና። ምዕራፉ። መጽሔቱ። ዲፌንሱ። የትምህርት ፈቃዴ በዚህ ሴሚስተር ያበቃል። ሁለት ጊዜ ተራዝሟል፣ ሦስተኛ የለም፣ ት/ክፍሉ በደብዳቤ ነግሮኛል። ስድስት ዓመት ተምረው ሳይመረቁ ወደ ማስተማር መመለስ። እሱንስ እችለዋለሁ፣ ሰው ያልቻለው ነገር የለም። ታሪኩን ነው ያልቻልሁት። ከእሱ የቀሩን መቃብርና ያች ፊደል ናቸው። መቃብሩን እማዬ ትጠብቃለች። ፊደሏ የእኔ ድርሻ ነበረች።

እሁድ፣ ኅዳር 8፤ ማታ 1 ሰ.

ወናጎ ሄድሁ። ልነግራት። ሚኒባሱ ውስጥ ቃል ስመርጥ፣ ስጥል። ከፊታችን እሸት ቡና የጫነ መኪና እየተንፏቀቀ ነው፣ ተሳፋሪው ሁሉ ይራገማል፣ እኔ ብቻ ደስ ብሎኛል፤ ባንደርስ እያልሁ።

እማዬ ጓሮ እንሰት እየፋቀች፣ ሦስት ጎረቤቶቿ አብረዋት። ሲያዩኝ እልል አሉ። ለእኔ! እማዬ እጇን ታጥባ ገባችና ለዲፌንሱ ያሰፋችውን ቀሚስ አውጥታ አሳየችኝ። አዲስ አበባን አይታ አታውቅም። የት እንደምትቀመጥ ጠየቀችኝ፣ ከፊት ነው ከኋላ። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌም መጡ። ስለ ታሪኩ ሁለት መስመር በቋንቋችን በጌዴኡፋ ጻፊልን፣ በጉባኤ እናነበዋለን አሉ። ፈረንጆቹ ስሙን እንዴት ብለው እንደሚጠሩት ጠየቁኝ። አፌን አጣምሜ አሰማኋቸው። ሳቁ፣ ደስ አላቸው።

አልነገርኋትም። ሁለቱን መስመር እጽፋለሁ ብዬ፣ ቡላ ተሸክሜ ተመለስሁ። ፈሪ ነኝ፣ ደብተሬ። ሌላ ስም የለውም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11፤ ጠዋት 5 ሰ.

ለዶ/ር መኮንን ደወልሁ። ትንፋሽ ሳልወስድ ሁሉንም። ስለ ሰሃኑ ጠየቁ፣ ስለ ገጾቹ ጠየቁ፣ ቀስ እያሉ፣ በሽተኛ እንደሚመረምር ሐኪም። በመጨረሻ ሳቅ የሚመስል ነገር ተነፈሱ። እሳቸውም ያን ምዕራፍ አራት ጊዜ አንብበውታል። እሳቸውም በዚህችው ሰዓት ነው ያደጉት።

ምክራቸው፦ አትቸኩዪ። የመረጃው ውስንነት የምትል አንቀጽ ጨምሪ፣ ዲፌንስሽን ጨርሺ፣ ከተመረቅሽ በኋላ በሌላ ጽሑፍ ታርሚዋለሽ። ለአንድ ምዕራፍ ብለሽ ስድስት ዓመት አትጣይ። ክፉ ሰው አይደሉም። ብዙ ተማሪ አፋፍ ላይ ደርሶ ሲመለስ አይተዋል፣ ደክሟቸዋል። እስከ ማክሰኞ አስቢበት አሉኝ።

እያሰብሁበት ነው። "የመረጃው ውስንነት።" ጥሩ አንቀጽ ይወጣዋል፣ እንዲህ ያለ አንቀጽ ዓይኔን ጨፍኜ እጽፋለሁ። ችግሩ መረጃው ውስንነት የለበትም። መረጃው አንዲት ደቂቃ አልተሳሳተም። ያን አንቀጽ ብጽፍ ጥፋቴን ለሞተ ልጅ ማሸከሜ ነው፤ ተነስቶ እኔ አይደለሁም አይል።

ግን ደግሞ ተነስቶ አይወቅሰኝም። ይህንንም አስቤዋለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 13፤ ከሰዓት 8 ሰ.

ጠዋቱን ታሪኩን ስሰድብ አረፈድሁ። ቀን ከሆነ "ቀ"፣ ሌሊት ከሆነ "ሌ"፤ አንዲት ፊደል ብትጨምር ምን ይጎልብሃል? ገልቱ። ድሮም የነገርሁህን በአንድ ጆሮህ ሰምተህ በሌላው ታፈስሰዋለህ።

ከዚያ መዝገቡን አወጣሁ። ቁጥር ልፈልግ ሳይሆን ላነበው። ዳር ዳሩ ላይ በእርሳስ የጫጫራቸው ነገሮች አሉ፤ ስንቴ አይቼ አልፌያቸዋለሁ፣ ሒሳብ አይደሉማ። "ዛሬ ማዕበል።" "ጓደኛዬ ታሟል፣ ሁሉንም እኔው።" "እታለም፣ ሰሃንሽን ዓሣ ነከሰው።" ገጽ 7፣ ከመጀመሪያው 3 ጎን፦ "እታለም ይሄኔ ክፍል ገብታለች።"

ክፍል ገብታለች። በ3 ሰዓት። በጠዋቱ። ጽፎልኝ ነበር፣ ደብተሬ! እኔ ይህን መስመር ኮምፒዩተሩ ላይ ሌሊት ብዬ አስገብቼ፣ እታለም የምትለዋን አይቼ ፈገግ ብዬ፣ ገጹን ገለበጥሁ።

ለመርከቡ ሲጽፍ በፈረንጅ ነው። ለእኔ ሲጽፍ በምን ብሎ በፈረንጅ ይጽፋል? ይህ የመርከብ ወረቀት አይደለም፣ ለእህቱ ነው። እሱ ባሕር መሃል ሆኖ የዲላን ሰዓት ጠበቀ። እኔ ዲላ ቁጭ ብዬ ፈረንጅ ሆንሁበት።

አለቀስሁ። ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ አላለቀስሁም። ጌቱ በሩን ዘግቶልኝ ወጣ።

እሁድ፣ ኅዳር 15፤ ማታ 12 ሰ. ተኩል

ነገርኋት።

ብቻዋን እስክትሆን ጠብቄ፣ በጌዴኡፋ፣ በቀጥታ። ፈረንጅ ቀኑን እኩለ ሌሊት ላይ ይጀምራል ስላት አላመነችኝም። ማን ነቅቶ ነው የሚጀምረው አለች። በእጄ ቆጥሬ አስረዳኋት። ገባት። የጠየቀችው መጀመሪያ ልጄ ነው ወይ ያጠፋው ብላ ነው። አይደለም፣ እኔ ነኝ፣ የእሱ ልክ ነው አልሁ። ራሷን ነቀነቀች። ታዲያ ስሙስ? አለች። ያ ነገር ከሌለ ስሙም የለም አልኋት። እንዲህ ነው ያልሁት፣ በደረቁ። ለስለስ ያለ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ፊቷን ወደ እንሰቱ አዞረች። ከዚያ ገብታ ቀሚሱን እንዳይጨማደድ ተጠንቅቃ አጥፋ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ለሰዎቹ እኔው እነግራቸዋለሁ፣ አንቺ ያን ቀን እንዳትመጪ አለችኝ። በጉባኤው መሃል ብድግ ብላ ልትናገር ነው። እልል ባሉላት ሴቶች ፊት። እኔ ልናገር ብላት እጇን አወናጨፈች።

ደግ አደረግሽ አላለችኝም። ምን ነበር ብትተይው አላለችኝም። መንገድ ድረስ ሸኘችኝ። ሚኒባሱን ስንጠብቅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ ንጋት 12 ላይ ሁልጊዜ ነቅቶ ነበር? አሥራ ዘጠኙንም ቀን አልኋት። እጄን ይዛ ቆመች። ረዳቱ "እናት ልቀቂያትና ትግባ እንጂ!" ብሎ እስኪጮህ አልለቀቀችኝም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17፤ ጠዋት 4 ሰ.

ሦስት ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ለመጽሔቱ፦ ጽሑፌን አንስቻለሁ፣ ምክንያቱ ይህ ነው። ለት/ክፍሉ፦ ኅዳር 25 አልቀርብም፣ ፈቃዴ ሲያበቃ ማስተማር እገባለሁ። ለዶ/ር መኮንን፦ ስለ ልፋትዎ ይቅርታ፤ ውስንነት የምትለዋን አንቀጽ መጻፍ አቃተኝ።

ምዕራፍ ሦስትን ሰረዝሁ። ታውን ከእኩልታው አወጣሁ። አሁን ሞዴሉ ማንም ሊሠራው የሚችል ሞዴል ነው፣ ጤነኛ፣ ምንም አዲስ ነገር የሌለበት። ይህን ይዤ አንድ ቀን ልመረቅ እችል ይሆናል፣ ላልችልም እችላለሁ። ጌቱ ደብዳቤዎቹን አነበበ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም አለኝ። ድግሱን ሲያይ እንዲጠራኝ ነገርሁት።

መረጃው እንዴት እንደተሰበሰበ የሚናገረውን ክፍል እንደ አዲስ ጻፍሁት። በእንግሊዝኛ ሲሆን ቀዘቀዘ፤ ላንተ በአማርኛ ልድገመው፣ ደብተሬ፦ መዝገቡን የያዘው ታሪኩ ነው፤ ሰዓቱን የጻፈው በአገሩ አቆጣጠር ነው፤ በመቶ ሃምሳ ሁለቱ መስመር አንድም ስህተት የለበትም፤ የተሳሳተችው አንባቢዋ ናት። ዓረፍተ ነገሩ የሳይንስ አይመስልም ይሉ ይሆናል። ይበሉ። እሱን አላወጣም።

ስልኬ ይጮኻል። ዶ/ር መኮንን ናቸው፣ ማክሰኞ ብለውኝ የለ። ድምፃቸውን ከሰማሁ እለሳለሳለሁ፣ ራሴን አውቃለሁ። መጀመሪያ ደብዳቤዎቹን ልላካቸው።

ሦስቱም ሄዱ። አሁን አነሣዋለሁ።